ሲሻር የሚበላ ሹም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የድሮው ተረት። ሹመት ያልፋል፤ ገበታው ሳይነሳ የጎረሰ ጎረሰ፣ ከተነሳ በኋላ ማን ያስታውሰዋል ነው ነገሩ። ተረቱን ዛሬ በአደባባይ የሚያሞግስ ባይኖርም ስሌቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ መሻር ማለት ባዶ እጅን ወደ ቤት መግባት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አሰልጣኞች ግን ተረቱን ገልብጠውታል። ለእነሱ ትልቁ ገበታ የሚቀርበው በተሻሩ ማግስት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መጨረሻ ማንችስተር ዩናይትድ ኤሪክ ቴን ሀግን አሰናበተ። ቡድኑ ዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎችን አድርጎ 14ኛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። በየካቲት 2025 ክለቡ ይፋ ባደረገው ሒሳብ አሰልጣኙንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ እንደወጣ ታወቀ። እዚያው ሰነድ ላይ ሌላ ወጪም ሰፍሯል፤ የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ የመጣው ዳን አሽወርዝ አምስት ወር ብቻ ሠርቶ ሲሄድ የተከፈለ 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ። ዜናው የተሰማ ሰሞን ጨዋታ በምናይበት ቤት አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የዩናይትድ ደጋፊ «እኔንስ ቢያባርሩኝ ስንት እቀበላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። የሚሠራው ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ሥራውን ላበላሸ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ መስጠት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት የተከፈለው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ ሁሉንም «የስንብት ክፍያ» እያልን እንጠራዋለን፤ የአገራችን ሕግ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያን የሚያሰላው በአገልግሎት ዘመን ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። ይህ ላለፈ ድካም የሚሰጥ ነው። ካሳ ደግሞ ሌላ ነው። ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ ከሕግ ውጭ ቢቋረጥበት ውሉ እስኪያልቅ ያገኘው የነበረው ደመወዝ ይታሰብለታል፤ እሱም ከ180 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ይህኛው ለፈረሰ ቃል የሚከፈል ነው።

ቴን ሀግ የተቀበለው የሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ እዚያ ግን የ180 ቀን ጣሪያ የለም። የአሰልጣኝ ውል የጊዜ ገደብ ያለው ውል ነው። ለሦስት ዓመት ተፈራርመው በአንደኛው ዓመት ቢያሰናብቱት፣ ቀድመው ሌላ መጠን ካልተስማሙ በስተቀር፣ የቀረው የሁለት ዓመት ደመወዝ ዕዳ ይሆናል። ሰባት ጨዋታ በተከታታይ መሸነፍ በሕግ ዓይን ውል ማፍረስ አይደለም። አሰልጣኙ ገንዘብ ካልሰረቀ፣ ከሥራ ካልቀረ፣ የክለቡን ምስጢር ካልሸጠ፣ ቡድኑ ቢወርድም እንኳ እሱ የበኩሉን ፈጽሟል። ድልን በውል የሚሸጥ ሰው የለም፤ የሚሸጠው እውቀትና ድካም ነው። ስለዚህ «የውድቀት ሽልማት» የሚለው የጋዜጦች አርዕስት ለጆሮ ቢጥምም የተከፈለውን ነገር አይገልጸውም። የተከፈለው ክለቡ ራሱ ገብቶበት ራሱ ያፈረሰው ቃል ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። ዩናይትድ በ2023/24 የውድድር ዘመን ስምንተኛ ወጣ። በግንቦት ማንችስተር ሲቲን አሸንፎ ኤፍ ኤ ካፕን ሲያነሳ አመራሩ ሐሳቡን ቀየረ፤ በሐምሌ የቴን ሀግን ውል እስከ 2026 አራዘመ። አራት ወር ሳይሞላ አባረረው። በጥቅምት የተከፈለው ገንዘብ አንድ ክፍል የተወለደው በሐምሌ በተደረገ ፊርማ ነው። ፊርማው ደግሞ የአሰልጣኙ ብቻ አልነበረም።

የዩናይትድ ታሪክ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ጆዜ ሞሪንሆ በነሐሴ 2015 ከቼልሲ ጋር አዲስ የአራት ዓመት ውል ፈረመ፤ በታኅሣሥ ተባረረ። በጥር 2018 ከዩናይትድ ጋር ውሉን አደሰ፤ በታኅሣሥ እንደገና ተባረረ። ኑኖ እስፒሪቶ ሳንቶ በሰኔ 2025 ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ መስከረም እንደጠባ ተሰናበተ። ጤነኛ አእምሮ ያለው አሠሪ ሊያባርር ላሰበው ሰው ውል አያራዝምም፤ እነዚህ ክለቦች ደግሞ የሕግ ባለሙያና የሒሳብ ሰው የሞላባቸው ተቋማት ናቸው። ታዲያ ለምን ያደርጉታል?

መልሱ ያለው ከሜዳው ጀርባ ነው። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው አሰልጣኝ በልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰው ነው። የአምስት ዓመት ውል ያለው ተጫዋች «ይህ ሰው ከእኔ በፊት ይሄዳል» ብሎ ያሰላል፤ አስልቶም ጆሮውን ይነፍገዋል። ሊፈርም የሚያስብ አዲስ ተጫዋች «በማን ሥር ነው የምጫወተው?» ይላል። ጋዜጠኛው በየሳምንቱ ስለ ውሉ ይጠይቃል። ስለዚህ ክለቡ ውሉን የሚያራዝመው አሰልጣኙን አምኖበት ላይሆን ይችላል፤ የሚታመንበት እንዲመስል ነው። ፊርማው ለተመልካች የሚሠራ ትዕይንት ነው፤ የትዕይንቱ ወጪ ደግሞ ኋላ በሚሊዮኖች ይከፈላል። እንግዲህ ነውር የምንለው ነገር ካለ ከዚህ ይጀምራል። የማያምኑበትን ቃል በሌላ ሰው ገንዘብ መግባት ከዚያ በኋላ ካሳውን ከመክፈል በጣም የከፋ ነው።

ሒሳቡን ለሚወድ አንባቢ ጥቂት ቁጥሮች ላስቀምጥ። ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጡረታ በኋላ ዩናይትድ ዴቪድ ሞይስንና ረዳቶቹን ሲያሰናብት 5.2 ሚሊዮን፣ ሉዊ ቫን ሃልን ኤፍ ኤ ካፕ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ሲያሰናብት 8.4 ሚሊዮን፣ ሞሪንሆን ሲያሰናብት 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል። የቴን ሀግን ሲጨምሩበት፣ የኦሌ ጉናር ሶልሻየርን ሳይቆጥሩ፣ 43.6 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። ቼልሲ በበኩሉ አንቶኒዮ ኮንቴን በሐምሌ 2018 አሰናብቶ ክርክሩ ገላጋይ ዳኞች ፊት ደረሰ። ክለቡ አሰልጣኙ ጥፋት ሠርቷል ብሎ ነበር፤ ለአጥቂው ለዲዬጎ ኮስታ «በእቅዴ ውስጥ የለህም» ብሎ የላከው የስልክ መልእክት ከክሱ አንዱ ነበር። ኮንቴ ረታ። ከጠበቆች ወጪ ጋር የኮንቴና የረዳቶቹ ስንብት ቼልሲን 26.6 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣው። ሰውየው ከአንድ ዓመት በፊት የሊጉን ዋንጫ፣ ከሁለት ወር በፊት ኤፍ ኤ ካፕን ያመጣ ነው። «የወደቀ አሰልጣኝ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል ላስቲክ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ የሞይስ ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት ምክንያት አለና። ሞይስ በ2013 የፈረመው ለስድስት ዓመት ነበር። በወቅቱ በሰፊው እንደተዘገበው ግን ውሉ አንድ ብልህ አንቀጽ ነበረው፤ ቡድኑ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ የሚወስደውን ደረጃ ካላገኘ ካሳው በአንድ ዓመት ደመወዝ ይወሰናል። በሚያዝያ 2014 ዩናይትድ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራተኛ የመውጣት ተስፋው በስሌት ተዘጋ። በሁለተኛው ቀን ሞይስ ተባረረ። አንቀጹ የክለቡን ገንዘብ አድኗል፤ ሰውየውን ግን ለሳምንታት የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ቀኑ እንደሚጠበቅለት እስረኛ አድርጎታል። ያ ቡድን በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት የተጫወተውን ኳስ ያየ ሁሉ ሁሉም ነገሩ ማለቁን ያውቅ ነበር። አሠሪው ሠራተኛው እስኪወድቅ ጠብቆ የሚያተርፍበት ውል መፍትሔ ነው ብዬ ለመናገር ይከብደኛል።

የመጠበቁ ጨዋታ በሌላም በኩል ይካሄዳል። አሰልጣኙ ቡድኑ ከእጁ እንደወጣ፣ ተጫዋቾቹ እንዳኮረፉት፣ እሱ ቢሄድ ለሁሉም እንደሚሻል ልቡ ያውቃል። ዛሬ «በቃኝ» ብሎ ቢለቅ ግን ካሳ የለም። ነገ ቢያባርሩት ሚሊዮኖች አሉ። ስለዚህ ይቀመጣል። ሰኞ ለጋዜጠኞች «ተስፋ አልቆርጥም፣ ታጋይ ነኝ» ይላል። ትግሉ ከማን ጋር እንደሆነ እሱና ጠበቃው ያውቁታል። እኔ በአሰልጣኞች ላይ ቅሬታ ካለኝ በዚህ ነው፤ የሚገባቸውን በመውሰዳቸው አልወቅሳቸውም፣ ለመውሰድ ሲሉ መንገድ ዘግተው መቆማቸው ግን ያናድደኛል። ደጋፊው የሁለት ወር ቅዳሜውን የሚያጣው በዚህ መፋጠጥ ምክንያት ነው።

ሌላም ያልተመጣጠነ ነገር አለ። ክለቡ ቃሉን ሲያፈርስ ይከፍላል፤ አሰልጣኙ ቃሉን ሲያፈርስ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ግራሃም ፖተር በመስከረም 2022 ብራይተንን ትቶ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ቼልሲ ለእሱና ለረዳቶቹ ለብራይተን ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። ፖተር የአምስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ሰባት ወር ሳይሞላው ተባረረ። ሲመጣም ሲሄድም ከኪሱ አምስት ሳንቲም አልወጣችም። «ውል ውል ነው፣ መከበር አለበት» የሚለውን ክርክር ከአሰልጣኝ ወኪል አፍ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ውሉን የሚያከብረው ሁለቱም ወገን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ክብደት ይኖረው ነበር።

በጣሊያንና በጀርመን ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እዚያ አሰልጣኝ ሲነሳ ውሉ ወዲያው አይቋረጥም፤ ከሥራ ይገለላል፣ ደመወዙ ይቀጥላል። ባየርን ሙኒክ በመጋቢት 2023 ዩሊያን ናግልስማንን ሲያነሳ ውሉ እስከ 2026 ነበር፤ ክለቡ ከዕዳው የተገላገለው ሰውየው ከወራት በኋላ የጀርመን ብሔራዊ ቡድንን ሲረከብ ነው። በጣሊያን ደግሞ ይህ አሠራር ቀልድ የሚመስል ውጤት አለው፤ የተባረረው ለማንኛውም ደመወዝ ስለሚበላ ክለቡ ተመልሶ ይጠራዋል። ፓሌርሞ በ2015/16 አንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ጁዜፔ ያኪኒን አባርሮ መልሶ ጠርቶ እንደገና አባረረው፤ ዳቪዴ ባላርዲኒንም አባርሮ መልሶ ጠራው። ለክለቡ ባለቤት ለማውሪዚዮ ዛምፓሪኒ «አሰልጣኝ በላ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት በከንቱ አልነበረም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ባለጸጎች ነው። ሕጉ ግን የተሠራው ለእነሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸንፋን ወደ ዓለም ዋንጫ የምናደርገውን ጉዞ ስታደናቅፍ በተቀናቃኙ ወንበር ላይ የነበረው ስቴፈን ኬሺ ነው። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫን ለአገሩ ያመጣ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ደመወዙ ለወራት ሳይከፈለው ይሠራ ነበር። ዋንጫ አምጥቶ ደመወዝ ያላገኘ አሰልጣኝ! ከዓመታት በኋላ ይኸው የናይጄሪያ ፌዴሬሽን ጀርመናዊውን ጌርኖት ሮርን ውሉ ሳያልቅ አሰናበተው፤ ፊፋ በ2022 ወደ 378,000 ዶላር እንዲከፈለው ወሰነ። ለቴን ሀግ ሚሊዮኖችን ያስገኘው መርህና ለሮር መብቱን ያስከበረው መርህ አንድ ነው። አፍሪካ ውስጥ የሚሠራ አሰልጣኝ አንድ ሚኒስትር ተቆጥቶ በስልክ እንዳያባርረው የሚጠብቀው ያ ውል ብቻ ነው። ስለዚህ «ካሳ ይቅር» የሚለውን ጩኸት ስሰማ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሚሆን አስባለሁ፤ ሞሪንሆ እንደማይሆን እርግጠኛ ነኝ።

ገንዘቡን የተወ ሰው የለም ወይ? አለ። ጄናሮ ጋቱሶ በግንቦት 2019 ኤሲ ሚላንን ሲለቅ ገና ሁለት ዓመት ውል ነበረው። የቀረውን ደመወዙን ተወ፤ ረዳቶቹ ግን የሚገባቸውን እንዲያገኙ አደረገ። ከሚላን ጋር ያለው ታሪክ በገንዘብ የሚመዘን እንዳልሆነም ተናገረ። ስንብት ላይ የሚረሱት ረዳቶቹ ናቸውና ይህን ማስታወስ ደግ ነው፤ ዋናው አሰልጣኝ ሲነሳ የበረኞች አሰልጣኙ፣ የቪዲዮ ተንታኙ፣ የአካል ብቃት ባለሙያው አብረው ሻንጣ ያነሳሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ቤተሰብ ይዘው ከአገር አገር የተጓዙ ናቸው። ጋቱሶ ለዚያ ክለብ ከአሥር ዓመት በላይ ተጫውቷል፤ ያደረገው ለቤቱ ነው። ለሌላው ሁሉ ይህን መለኪያ ማድረግ ግን ጽድቅን በግዴታ መጠየቅ ነው።

ወደ ማንችስተር ልመለስ። የሒሳቡ ሰነድ ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ ክለቡ እስከ 200 የሚደርሱ ተጨማሪ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በ2024 ደግሞ 250 ያህል ቀንሶ ነበር። የሠራተኞች ነጻ ምሳ ቆመ። በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ለቀሩት ጨዋታዎች የሚሸጡ የአባላት ቲኬቶች ለልጅም ለጡረተኛም ሳይለዩ 66 ፓውንድ ሆኑ። ሰር አሌክስ እንኳ የክለቡ አምባሳደር ሆነው ያገኙት የነበረው ክፍያ ተቋረጠ። በእንግሊዝ ሕግ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ በቅነሳ ሲወጣ ሕጉ የሚያስገድድለት የቅነሳ ክፍያ የለም። አምስት ወር የሠራው ዳይሬክተር ግን 4.1 ሚሊዮን አስወጥቷል። እነዚህ ሁለት መስመሮች በአንድ ክለብ፣ በአንድ ዓመት የሒሳብ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የምሳው ገንዘብ ተጠራቅሞ የቴን ሀግን ካሳ አይሞላም፤ እንደዚያ ለማለት አልሞክርም። ነገር ግን ስሕተቱን የፈረሙት ሰዎች ምን ከፈሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የክለቡ ባለድርሻ ሰር ጂም ራትክሊፍ በመጋቢት 2025 በቴን ሀግም በአሽወርዝም ጉዳይ የተወሰነው ውሳኔ ስሕተት እንደነበር በግልጽ አምነዋል። ማመናቸው ያስመሰግናቸዋል። ከሥራ የተቀነሱት ሠራተኞች ግን ምን እንደተሳሳቱ የነገራቸው የለም።

መፍትሔ የሚባሉት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ቀዳዳ አላቸው። ፊፋ ከጥር 2021 ጀምሮ ለአሰልጣኞች ባወጣው ደንብ ዓለም አቀፍ ክርክር ሲነሳ የቀረው የውሉ ዋጋ ይታሰባል፤ አሰልጣኙ በመሃል ሌላ ሥራ ከያዘ ግን አዲሱ ደመወዝ ይቀነሳል። ፍትሐዊ ይመስላል። በሌላ በኩል ቤቱ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ሥራ እንዳይፈልግ ምክንያት ይሰጠዋል፤ ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ ቼልሲን ለቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አብቅቶ በ2012 ከተባረረ በኋላ ወደ ሻልከ እስኪሄድ ሁለት ዓመት ገደማ ሳያሰለጥን ቆይቷል። አጭር ውል ይሁን ቢባል የልብስ መቀየሪያው ክፍል ችግር ይመጣል። እኔን የሚያሳምነኝ ለመናገር ቀላል የሆነው ነው፦ ጣሪያ። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ደመወዝ፣ በየወሩ የሚከፈል፣ ለአሰልጣኙም ለዳይሬክተሩም እኩል። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የ180 ቀኑ ጣሪያ በአዋጃችን ውስጥ ተጽፎ አለ። የሚያስገርመው ጣሪያ የሚሠራው ለድሃ መሆኑ ነው። በወር ጥቂት ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው ከስድስት ወር በላይ እንዳያገኝ ሕግ ይጠነቀቅለታል፤ በሳምንት ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ለሚያገኝ ሰው ማንም አልተጠነቀቀም።

ፕሪሚየር ሊጉ ይህን ያደርጋል ብዬ አልጠብቅም። ጣሪያ ያበጀ ክለብ ጥሩውን አሰልጣኝ ጣሪያ ለሌለው ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ካላደረጉት በስተቀር ማንም ቀድሞ አያደርገውም። ቴን ሀግም ሥራ አላጣም። በሐምሌ 2025 ባየር ሌቨርኩሰንን ተረከበ፣ ውሉ እስከ 2027 ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1 ቀን ተባረረ። ያደረገው ሁለት የሊግ ጨዋታ ነው። በሁለት ጨዋታ የሚታወቅ ውድቀት ካለ የወደቀው ቀጣሪው ነው።

የብሎኬቱን ሠራተኛ ጥያቄ በዚያው ምሽት በሲጋራ ፓኮ ጀርባ አስልተንለት ነበር። አራት ዓመት ሠርቷል፤ ድርጅቱ ሠራተኛ ቢቀንስ ለመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ቀን፣ ለተከታዮቹ ሦስት ዓመታት አሥር አሥር ቀን። ስድሳ ቀን፤ በቅነሳ ለሚወጣ ሌላ ስድሳ ቀን ይጨመራልና መቶ ሃያ ቀን። ፓኮውን ተቀብሎ አየውና «ታዲያ እኔ መቼ ተሸነፍኩ?» ብሎ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛው አጋማሽ ጀምሮ ነበር።